የአይፎኑ አድቫንስድ ዳታ ፕሮቴክሽን፦ ቁልፉ ማን ኪስ ይቀመጥ?

አይፎን ይዛችሁ ይሄን ነገር ያላበራችሁ ብዙ ናችሁ፣ አልፈርድባችሁም፣ አፕል ራሱ አብርቶ አይሰጣችሁም፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ካልፈለጋችሁት መኖሩንም አታውቁም። አድቫንስድ ዳታ ፕሮቴክሽን ይባላል፣ አይክላውድ ላይ (የአፕል የኢንተርኔት ማስቀመጫ ነው) ያለውን ነገራችሁን አፕል ራሱ እንኳ እንዳይከፍተው የሚቆልፍ ነው። አሜሪካ ውስጥ በዲሴምበር 2022 ከአይኦኤስ 16.2 (የአይፎኑ ሲስተም) ጋር መጣ፣ በቀጣዩ ወር ለሌላው አለም ተለቀቀ (አመቱን በሙሉ በፈረንጆቹ ነው ምጽፈው)። ክፍያ የለውም። እኔ ሜሪላንድ ነው ምኖረው፣ ስራዬም ኮምፒውተርና ስልክ ነው፣ ከቅዳሴ በኋላ ቤተክርስቲያን ግቢ ውስጥ "እስቲ ይቺን ስልክ እያት" ሲሉኝ ሰዎች ስልክ ላይ በተደጋጋሚ ያየሁት ነገር አለ፣ እሱ ነው ለመጻፍ ያስነሳኝ። ደሞ ነገሩ የሴቲንግ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ መንግስታትና ኩባንያዎች ፍርድ ቤት የሚካሰሱበት ነገር ነው። የኔ አቋም ግልጽ ነው፣ አብሩት ነው ምለው፣ ግን ለምን እንደምታበሩትና ምን እንደሚያስከፍላችሁ አውቃችሁ ይሁን።

መጀመሪያ ብዙ ሰው የሚደባልቀውን እንለየው። ስልካችሁ ላይ ያለውና አይክላውድ ላይ ያለው አንድ አይደለም። ስልኩ በፓስኮድ ተቆልፏል፣ ከ2014ቱ አይኦኤስ 8 ወዲህ አፕልም መክፈት አልችልም ብሏል። ግን ስልኩ ማታ ቻርጅ ላይ ሆኖ ዋይፋይ ሲያገኝ ያለውን ነገር ገልብጦ አይክላውድ ላይ ባክአፕ ያደርገዋል፣ የዛ ባክአፕ ቁልፍ ደሞ አፕል ጋ ነው ያለው። ፎቶዎቹ፣ ኖቱ፣ አይክላውድ ድራይቩ፣ ሁሉም እንደዛው። ስለዚህ መርማሪ የፍርድ ቤት ማዘዣ ይዞ ሲመጣ አፕል ስልኩን አልከፍትም ይላል፣ ባክአፑን ግን አውጥቶ ይሰጣል፣ ህጉም ያስገድደዋል። አይሜሴጅ፣ የአይፎኑ መልእክት መላኪያ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ ነው፣ ማለት ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም አያነበውም ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፣ እውነት ነው፣ ግን ተራው ባክአፕ ከበራ የመልእክቶቹ መክፈቻ ቁልፍ ራሱ ባክአፑ ውስጥ ይገባል፣ በሩን ቆልፎ ቁልፉን ጎረቤት ማስቀመጥ ማለት ነው። አድቫንስድ ዳታ ፕሮቴክሽን ሲበራ ያ ቁልፍ ከአፕል ሰርቨር ተሰርዞ የናንተው እቃ ላይ ብቻ ይቀራል። ማዘዣም ቢመጣ፣ ሀከርም ቢገባ፣ የአፕል ሰራተኛም ቢታለል የሚያገኘው የተዘበራረቀ ቁጥርና ፊደል ነው።

አሁን ስለ ፓስኮዱ ትንሽ ላውራ፣ ምክንያቱም ጠቅላላው ግንብ የቆመው በሱ ላይ ነው። አፕል አንድን ፓስኮድ ለመሞከር ስልኩ ራሱ 80 ሚሊ ሰከንድ ገደማ እንዲፈጅበት አድርጎ ነው የሰራው። በጣም ትንሽ ነው አይደል? ግን አስሉት። ባለ 4 አሀዝ ፓስኮድ 10,000 አማራጭ አለው፣ ያለ ምንም እንቅፋት በማሽን ቢሞከር ከ15 ደቂቃ በታች ያልቃል። ባለ 6 አሀዝ ደሞ አንድ ሚሊዮን ነው፣ እሱም 22 ሰአት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚያድነን ቁጥሩ ሳይሆን እንቅፋቱ ነው፣ ስትሳሳቱ እየረዘመ የሚሄደው መጠበቂያና 10 ጊዜ ከተሳሳታችሁ ሁሉን አጥፋ የሚለው ምርጫ። ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ፓስኮድ ካስገባችሁ ግን ስሌቱ በአመታት ይሆናል። ቤተክርስቲያን ግቢ ውስጥ ያየሁት ነገር ያልኳችሁ አንዱ ይሄ ነው፣ በሺ ዶላር የተገዛ ስልክ የትውልድ አመት ወይ 1234 ፓስኮድ ተደርጎበት፣ ያውም ለልጆቹ ሁሉ ተነግሮ።

ይሄን እንቅፋት ነው ኤፍቢአይ በ2016 አንሱልኝ ያለው። ነገርን ከስሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ታሪኩን ላስታውሳችሁ። ዲሴምበር 2, 2015 ካሊፎርኒያ ሳን በርናርዲኖ ውስጥ ባልና ሚስት ተኩስ ከፍተው 14 ሰው ገደሉ፣ 22 አቆሰሉ፣ እነሱም ከፖሊስ ጋር ሲታኮሱ ሞቱ። ከባልየው የስራ ስልክ ተገኘ፣ አይፎን 5ሲ፣ ንብረትነቱ የካውንቲው። ፓስኮዱን ሚያውቅ የለም። ፌብሩዋሪ 16, 2016 ዳኛ ሼሪ ፒም በ1789 በወጣ ኦል ሪትስ አክት በሚባል ህግ ተመርኩዘው አፕል መርማሪዎቹን እንዲረዳ አዘዙ፣ እርዳታው ደሞ ምን መሰላችሁ፣ መጠበቂያውንና አጥፊውን የሚያነሳ፣ ፓስኮድ በማሽን እያፈራረቁ ለመሞከር የሚያስችል ልዩ ሶፍትዌር ሰርታችሁ አምጡ ነው። ያኔ አፕልን የሚመራው ቲም ኩክ ለደንበኞች ግልጽ ደብዳቤ ጽፎ አንሰራም አለ፣ እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ከተሰራ ለአንድ ስልክ ብቻ አይቀርም ብሎ። በዛው ሰሞን ኒውዮርክ ብሩክሊን ያሉ ሌላ ዳኛ፣ ጄምስ ኦረንስታይን፣ በአንድ የአደንዛዥ እጽ ጉዳይ ላይ ያው የ1789 ህግ አፕልን ሊያስገድድ አይችልም ብለው ፈረዱ። ጉዳዩ ወደ ላይ ይወጣል ሲባል ማርች 28 ላይ መንግስት ክሱን ተወው፣ ሶስተኛ ወገን ስልኩን ከፍቶለት። ከአመታት በኋላ ዋሽንግተን ፖስት አንድ የአውስትራሊያ ድርጅት እንደከፈተው ዘገበ። ስልኩ ውስጥም ይሄ ነው የሚባል አዲስ ነገር አልተገኘም።

እኔን ግን በጣም ያስገረመኝ በ2018 የፍትህ ሚኒስቴሩ ዋና ኢንስፔክተር ያወጣው ሪፖርት ነው። ኤፍቢአይ ውስጥ ስልክ ሊከፍት የሚችል ሰው የሚያውቀው ክፍል፣ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሊሄድ ሲል ነው በደንብ መፈለግ የጀመረው፣ የውስጥ ክፍሎቹ እርስ በርስ በቅጡ አልተነጋገሩም ነበር። ደሞ ሌላም አለ፣ የተኳሹን የአይክላውድ ፓስዎርድ በመርማሪዎቹ ጥያቄ ካውንቲው ቀየረው፣ ባይቀየር ኖሮ ስልኩ በሚያውቀው ዋይፋይ ገብቶ ራሱ ባክአፕ ሊያደርግ ይችል ነበር፣ አፕል ደሞ ያን ባክአፕ በማዘዣ ይሰጣቸው ነበር፣ የኦክቶበሩን ባክአፕ ሰጥቷቸዋል እኮ። አያችሁ፣ አገር ምድሩ ግላዊነት ወይስ ደህንነት ብሎ ሲከራከር እዛ ጋ የጎደለው ነገር የቢሮ ቅንጅት ነበር።

ይሄን ስል መርማሪ የሚለው ሁሉ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም፣ በፍጹም። በ2015 ሉዊዚያና ውስጥ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በቤቷ ደጃፍ ላይ ተገድላ ማስታወሻዋ የተቆለፈ ስልኳ ውስጥ ቀርቷል፣ ጉዳዩም ኮንግረስ ድረስ ደርሷል። ለዛች ሴት እናት ስለ ምስጠራ (ኢንክሪፕሽን) ውበት ማውራት አልችልም። አገር ቤትም የታገተ ዘመድ ያለው ሰው "ምንም ይሁን ምን ስልኩን ይክፈቱልኝ" ቢል እንዴት ትፈርዱበታላችሁ? ግን እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ፣ ማን ለማን መቼ ደወለ፣ ስልኩ የትኛው ማማ ስር ነበር፣ ገንዘቡ በየትኛው አካውንት ገባ፣ ይሄ ሁሉ ያለው ቴሌና ባንክ ጋ ነው፣ የስልክ ቁልፍ አያግደውም። የእገታን አይነት ወንጀል ለመያዝ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው እሱ ነው፣ እሱ ደሞ በማዘዣ ይገኛል። በ2019 መጨረሻ ፍሎሪዳ ፔንሳኮላ ባህር ኃይል ጣቢያ ላይ 3 መርከበኞች ሲገደሉም ያው ክርክር ተነሳ፣ ያኔ የአሜሪካ ጠቅላይ አቃቤ ህግ የነበረው ዊሊያም ባር አፕልን በአደባባይ ወቀሰው፣ ወራት ቆይቶ በሜይ 2020 ኤፍቢአይ የገዳዩን ስልኮች ያለ አፕል እርዳታ መክፈቱን አስታወቀ። ጊዜ ፈጅቶባቸዋል፣ ያ ጊዜ ዋጋ አለው፣ አልክድም። ግን የአንድን ተጠርጣሪ ስልክ በብዙ ድካም መክፈትና የሁላችንንም ስልክ መክፈቻ አንድ ቦታ ማስቀመጥ በጣም ይለያያል።

ለምን ይለያያል? ለመንግስት ተብሎ የተሰራ በር ሌላ ሰው እንደሚገባበት በተግባር አይተነዋል። ግሪክ ውስጥ በ2004 የኦሎምፒኩ ሰሞን፣ በቮዳፎን ኔትወርክ ላይ ለህጋዊ ጠለፋ ተብሎ የተሰራውን የሶፍትዌር አሰራር ማንነታቸው ያልታወቁ ሰዎች ተጠቅመው ከ100 በላይ ስልክ ሲያዳምጡ ኖሩ፣ ከነዛ ውስጥ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የኮስታስ ካራማንሊስ ስልክ አለበት፣ የሚኒስትሮችም። ወደ ቅርቡ ስንመጣ ደሞ በ2024 ሶልት ታይፉን የተባለው፣ ከቻይና ጋር የሚያያዘው የሀከሮች ቡድን የአሜሪካ ስልክ ኩባንያዎቹ ቬራይዞንና ኤቲ ኤንድ ቲ ውስጥ ገብቶ ተገኘ፣ እንደተዘገበውም በ1994ቱ ህግ መሰረት ለፍርድ ቤት ጠለፋ የተሰሩትን ሲስተሞች ጭምር ነክቷል። ከዛ ምን ሆነ? በዲሴምበር 2024 የአሜሪካ የሳይበር ደህንነት መስሪያ ቤት ለባለስልጣናት ያወጣው ምክር ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ መልእክት መላኪያ ተጠቀሙ የሚል ነው። ሲያስቡት የባለስልጣን ስልክ፣ የወታደር ስልክ፣ የመብራት ኃይል ኢንጂነር ስልክ፣ ሁሉም ያው እኛ የያዝነው አይፎን ነው፣ ለነሱ የሚቆለፍ ለኛ የሚከፈት ሌላ አይፎን የለም። ለዚህ ነው ጠንካራ ቁልፍ ራሱ የብሔራዊ ደህንነት አካል ነው ብዬ የማምነው።

እንግሊዝ ግን ሌላ መንገድ ሄደች። በ2016 ባወጣችው የምርመራ ስልጣን ህግ ስር ለአፕል ሚስጥራዊ ትዕዛዝ እንደሰጠች በፌብሩዋሪ 2025 ተዘገበ፣ ህጉ አፕል ትዕዛዝ ደርሶኛል ብሎ እንዳይናገር ሳይቀር ይከለክላል። አፕል ማስተር ቁልፍ ሰርቶ ከመስጠት ይልቅ በዛው ወር 21 ቀን አድቫንስድ ዳታ ፕሮቴክሽንን ከእንግሊዝ ለአዲስ ተጠቃሚ ዘጋው። በኦገስት ላይ ያኔ የአሜሪካ የስለላ ድርጅቶች የበላይ ኃላፊ የነበረችው ቱልሲ ጋባርድ እንግሊዝ ትዕዛዙን ልትተው ተስማማች አለች፣ በኦክቶበር ደሞ በእንግሊዝ ተጠቃሚዎች ላይ ብቻ ያተኮረ አዲስ ትዕዛዝ እንደወጣ ተዘገበ። ለንደን ያላችሁ ወገኖች በዚህ መሀል ምን አገኛችሁ? ወንጀለኛው ሌላ አፕ ያወርዳል፣ የናንተ የልጆች ፎቶ ግን በተራው ቁልፍ ቀረ። ይሄ ሚዛን መጠበቅ አይደለም፣ የአንዱን ሳህን ማንሳት ነው።

ስለኛ ደሞ ሳላወራ ባልፍ ደስ አይለኝም፣ ምክንያቱም እኛ ኢትዮጵያዊያን የዚህ ነገር ታሪክ ውስጥ በስም አለንበት። በ2013 ሲትዝን ላብ የተባለው የካናዳ የምርምር ተቋም ፊንፊሸር የሚባለው የስለላ ሶፍትዌር የተቃዋሚ ፖለቲከኞች ፎቶ ማባበያ ተደርጎ እንደተላከ አጋለጠ። በ2014 ደሞ ሀኪንግ ቲም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ሶፍትዌር ቤልጂየምና ቨርጂኒያ በሚሰሩ የኢሳት ጋዜጠኞች ላይ እንደተሞከረ አወጣ፣ በ2017 ደሞ ውጪ አገር ያሉ የኦሮሞ አክቲቪስቶችና ሚዲያ ላይ የእስራኤሉ ሳይበርቢት። እዚሁ እኔ ያለሁበት ሜሪላንድ ውስጥ የሚኖር፣ ፍርድ ቤት ኪዳኔ በሚል መጠሪያ የሚያውቀው ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ፣ ኮምፒውተሩ በኢሜይል በመጣ የወርድ ፋይል ተበክሎ ለወራት ስካይፕ ጥሪው ሲቀዳ፣ ቤተሰቡ የሚጽፈው ሁሉ ሲገለበጥ ነበር ብሎ የኢትዮጵያን መንግስት ከሰሰ። በማርች 2017 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ክሱን ዘጋው፣ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ምድር ላይ አልተፈጸመም፣ የውጭ መንግስት ያለመከሰስ መብት አለው በሚል። ማለት ሜሪላንድ ሳሎናችሁ ውስጥ ተቀምጣችሁ ትሰለላላችሁ፣ የምትከሱት ግን የለም። ህግ ካልደረሰላችሁ የሚቀራችሁ ቁልፍ ነው።

እና የኛ ህገ መንግስት አንቀጽ 26 በጣም ግልጽ ነው፣ በፖስታ የሚላክ ደብዳቤ፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሳሪያ የሚደረግ ግንኙነት አይደፈርም ይላል፣ የሚገደበውም አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና ብሔራዊ ደህንነትን፣ የህዝብ ሰላምን፣ ወንጀል መከላከልን በመሳሰሉ አላማዎች በተለይ በወጣ ህግ ብቻ ነው ይላል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም ወጥቷል፣ ቁጥር 1321/2016 (ይሄኛው ብቻ በኛ አቆጣጠር ነው)። ወረቀቱ ላይ ያለው ሚዛን ጥሩ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው መሬት ላይ እስኪደርስ ድረስ ግን ስልኬን ክፍት አድርጌ አልጠብቅም።

አንድ የማከብራቸው ጋሼ አሉ፣ ጡረታ የወጡ፣ ይሄን ስነግራቸው "አንተ ልጅ፣ እኔ ምን የምደብቀው አለኝ? ሌባ ይፈልግ እንጂ ቁልፍ!" አሉኝ። "ጋሼ እስቲ ፎቶዎን አብረን እንይ" አልኳቸው። ከፈትነው። ሶሻል ሴኪዩሪቲ ካርዳቸው ፊትና ጀርባው፣ የታክስ ወረቀት፣ የስኳር መድኃኒታቸው ማዘዣ፣ የባንክ ደብተር፣ ከዛ ወረድ ስንል የእህታቸው ልጅ የጥገኝነት ማመልከቻ፣ ገጽ በገጽ ፎቶ ተነስቶ፣ አገር ቤት ያሉ ሰዎች ስም ያለበት፣ ማን የት እንደታሰረ የተጻፈበት። ለጠበቃው ለመላክ አንስተውት እዛው ቀርቷል። ዝም አሉ፣ ቆየት ብለው "ይሄ እኮ የኔ ሚስጥር አይደለም" አሉኝ። ይሄው ነው ሰዎች ስልክ ላይ በተደጋጋሚ ያየሁት ያልኳችሁ ሌላው ነገር። የኛ ሰው ስልክ ውስጥ የአንድ ሰው ጉዳይ ብቻ የለም፣ የቤተሰቡ፣ የእድሩ፣ አገር ቤት የቀረው ሰው ጉዳይ ሁሉ አለ።

እሺ አበራሩ እንዴት ነው። ሴቲንግ ትገባላችሁ፣ ላይ ስማችሁን ትነካላችሁ፣ አይክላውድ፣ ከዛ ወደ ታች ስትወርዱ አድቫንስድ ዳታ ፕሮቴክሽን የሚለውን። ወዲያው አይበራም፣ መጀመሪያ መልሶ መግቢያ አዘጋጁ ይላችኋል፣ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ ፓስዎርድ ብትረሱ አፕል ሊረዳችሁ አይችልም፣ ቁልፉ የለውማ። ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የምታምኑትን አይፎን ያለው ሰው ሪከቨሪ ኮንታክት ማድረግ ነው፣ እሱ ዳታችሁን አያይም፣ ስትቸገሩ ኮድ ብቻ ይሰጣችኋል። ሌላው ባለ 28 ፊደልና ቁጥር ሪከቨሪ ኪይ ነው፣ ስክሪኑ ላይ ያሳያችሁና ትጽፉታላችሁ፣ ቀጥሎ በትክክል መጻፋችሁን ለማረጋገጥ መልሳችሁ እንድታስገቡ ይጠይቃል፣ እዚህ ጋ አትቸኩሉ። ሁለቱንም አድርጉ። እኔ ኪዩን በእጄ ወረቀት ላይ ጽፌ ከዜግነት ወረቀቴ ጋር ነው ያስቀመጥኩት፣ ስክሪንሾት አታንሱት፣ ኖት ላይ አትጻፉት፣ ለራሳችሁ በቴሌግራም አትላኩት።

የሚያስቸግር ነገር አለው። በአካውንታችሁ የገባ አሮጌ አይፓድ ወይ ማክ ካለና አፕዴት የማይቀበል ከሆነ ከአካውንቱ ካላወጣችሁት አይበራላችሁም፣ ልጆች የሚጫወቱበት አሮጌ አይፓድ ቤቱ ውስጥ ላለ ሰው ይሄ ራስ ምታት ነው። አይክላውድን ከኮምፒውተር ብራውዘር መክፈትም ይዘጋል፣ ስትፈልጉ ከስልኩ ፈቅዳችሁ ነው የምትገቡት። ሁሉንም አይሸፍንም ደሞ፣ የአይክላውድ ኢሜይል፣ ኮንታክትና ካሌንደር ውጪ ናቸው፣ ከሌሎች ኢሜይልና ካሌንደር ጋር መግባባት ስላለባቸው ነው ይላል አፕል። ምክንያቱ ይገባኛል፣ ግን ኮንታክት ለኛ ቀላል ነገር አይደለም፣ የማን ቁጥር እንዳለኝ ማወቅ ከማን ጋር እንደምገናኝ ማወቅ ነው፣ እዚህ ላይ አንድ ኮከብ እቀንሳለሁ። የሰርግና የክርስትና ፎቶ የምንሰድበት ሼርድ አልበምም በዚህ ጥበቃ ውስጥ አይገባም። ትልቁ ክፍተት ግን ሌላ ነው፣ እናንተ ብታበሩም በአይሜሴጅ የምታወሩት ሰው ካላበራና ተራው ባክአፕ ካለው ንግግራችሁ በሱ በኩል አለ። ስለዚህ ለብቻ ማብራት ግማሽ ስራ ነው፣ ባልና ሚስት፣ እህትና ወንድም አንድ ላይ ቁጭ ብላችሁ አብሩት።

ደሞ ይሄ ነገር ከስለላ ሶፍትዌር አያድናችሁም፣ እንደ ፔጋሰስ ያለው የሚገባው ስልኩ ራሱ ውስጥ ነው፣ እናንተ የምታዩትን አብሮ ያያል። ጋዜጠኛ፣ የመብት ተሟጋች፣ ፖለቲካ ውስጥ ያለ ሰው ከሆናችሁ ስልኩን ይበልጥ የሚቆልፈውን ሎክዳውን ሞድን ጨምሩበት፣ ከአይኦኤስ 16 ጀምሮ አለ፣ አንዳንድ ነገር ያጎድላል፣ ሊንክ ቅድመ እይታና አንዳንድ አታችመንት ይቀራል፣ ግን ለናንተ ያስፈልጋችኋል። ኤርፖርት ስትደርሱ ደሞ ስልኩን አጥፉት፣ እንደጠፋ እስከሚከፈት ድረስ ቁልፎቹ ሚሞሪ ላይ የሉም፣ ለሚከፍቱት ማሽኖች በጣም ይከብዳቸዋል። ከአይኦኤስ 18.1 ወዲህ ለ72 ሰአት ያልተከፈተ ስልክ ራሱን ሪስታርት የሚያደርገውም ለዚህ ነው። ለማጥፋት ጊዜ ካጣችሁ የጎኑን ቁልፍና የድምጹን አንድ ላይ ትንሽ ያዝ አድርጉ፣ የማጥፊያው ስክሪን ሲመጣ ፌስ አይዲ ስራ ያቆማል፣ ፓስኮድ ካልገባ በፊታችሁ አይከፈትም።

ስለ ሌሎቹ ባጭሩ። ቴሌግራም የተመሰጠረ ነው ብላችሁ የምታምኑ ተዉ፣ ከመልእክቶቹ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚመሰጠረው ሲክሬት ቻት ብቻ ነው፣ ግሩፑም ቻናሉም ተራው ቻትም አይደለም፣ የቴሌግራም መስራች ፓቬል ዱሮቭ በኦገስት 2024 ፓሪስ አጠገብ ከተያዘ በኋላ ድርጅቱ ህጋዊ ጥያቄ ሲመጣለት የደንብ ጣሾችን ስልክ ቁጥርና አይፒ እንደሚሰጥ ደንቡን አሻሽሏል። ዋትሳፕ መልእክቱ ከ2016 ጀምሮ የተመሰጠረ ነው፣ ባክአፑ ግን እናንተ ካላበራችሁ አይደለም፣ ከ2021 ጀምሮ ምርጫው አለ፣ ቻት ባክአፕ ውስጥ ግቡና አብሩት። አንድሮይድ ያላችሁ የስልኩ ባክአፕ በስክሪን ቁልፋችሁ ይመሰጠራል፣ ጉግል ፎቶ ግን እንደዛ አይደለም።

እኔ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቸዋለሁ። ወረቀት የሚጠፋበት፣ ፓስዎርድ በየወሩ የሚቀይር፣ አንድ ስልክ ብቻ ያለው ትልቅ ሰው ከሆነ ብቻውን እንዲያበራ አልመክርም፣ የልጅ ልጆቹን ፎቶ አንድ ቀን ቢያጣ ማንም አይመልስለትም፣ መጀመሪያ ልጁን ሪከቨሪ ኮንታክት ያድርግለት፣ ኪዩን ሁለት ቦታ ያስቀምጥለት፣ ከዛ ይብራ። ለጋሼም ያደረግነው እንደዛ ነው፣ ሪከቨሪ ኮንታክቷ ልጃቸው ናት፣ ፓስኮዱንም ከ4 አሀዝ ወደ ረጅም ቃል ቀይረንላቸዋል፣ የጥገኝነቱን ወረቀት ደሞ ለጠበቃው መድረሱን አረጋግጠው ከፎቶውም ከሪሰንትሊ ዲሊትድም አጥፍተውታል።